ቀላድ የመሰለው ገመድ

ውብአየሁ ዳንግላ ሲማር፣ ሳይገረፍ ያለፈበት ሳምንት ትዝ አይለውም። በአለንጋ ተገርፏል፤ ጠጠር ላይ ተንበርክኳል፤ መልስ የሳተ ዕለት ጓደኞቹ እጅና እግሩን ወጥረው ይዘውት ጀርባው እስኪተለተል ተዠልጧል። የዚያን ጊዜ ትምህርት እንዲህ ነበር። ያም ሆኖ ፊደል የሚከበርበት፣ ተማሪ ሲያልፍ ሽማግሌው ከመንገድ ዘወር የሚልበት ደግ ዘመን ነበር።

አድጎ አስተማሪ ሆነና እንጅባራ ተመደበ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የቆመ ረጅም ልምጭ አየ። አንስቶ በጉልበቱ ቀነጠሰው። ልጆቹ ተያዩ።

«መምህር፣ ሌላ እንቁረጥ?» አለ ነጋ የሚባል፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ።

«ከየት ነው የምትቆርጠው?»

«ከዚያ ከወይራው ነዋ። ያለፈው አስተማሪ እኮ ዛፉን ራቁቱን ነው ያስቀሩት።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ውብአየሁም ሳቀ፤ ግን ሲወጣ ወይራውን ሄዶ አየው። እውነትም ልጅ እየገረፈ ያለቀ ዛፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ መውጣት ጀመረ። ወላጆች «ይኼ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» ይሉ ነበር። ዘንገና ሐይቅ ወርደው ዳር ዳሩን ይዋኛሉ፤ እሱ መዋኘት ስለማይችል ልብሳቸውን ይጠብቃል፤ እነሱም «የልብስ ዘበኛ» እያሉ ያበሽቁታል። ሜዳ ሲያገኙ ትግል ይገጥማሉ። የዛፉንና የወፉን ስም እነሱ በአገውኛ፣ እሱ በአማርኛ ይለዋወጣሉ። አንድ ቀን በተራቆተ መሬትና ሣር ባለው መሬት ላይ እኩል ውኃ አፍስሶ፣ የትኛው ውኃ አፈሩን ይዞ እንደሚሄድ አሳያቸው። ልጆቹ የዚያን ቀን ወደ ቤታቸው የተመለሱት በየመንገዱ የታጠበውን አፈር በጣት እያሳዩ ነው።

ከከተማው በላይ ባለው የወል መስክ አንድ ቦረቦር ነበረ። በየክረምቱ ሣሩን እየበላ ይሰፋል፤ ፈረስ ሳይቀር እግሩን ሰብሮበታል። ውብአየሁና ልጆቹ አፉን በዛፍ ሊዘጉት ተማከሩ። የጥድና የወይራ ችግኝ በቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ አፍልተው፣ በበጋ ውኃ እየቀዱ አሳደጉት። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲይዝ፣ በአንዲት ቅዳሜ ጠዋት ተሸክመውት ወጡ።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ግብር ሊጨመር ነው፣ ርስታችን ላይ ቀላድ ሊጣል ነው የሚለው ወሬ በየገበያው ይናፈስ ነበር። መሬት በገመድ ከተለካ በኋላ ባለቤቱ መንግሥት ነው ብሎ የሚፈራው ገበሬ፣ ገመድ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ዱላውን ያጠብቃል። ውብአየሁ ወሬውን ሰምቷል። ነገር ግን ችግኝና ቀላድ በሐሳቡ ተገናኝተው አያውቁም። መጽሐፉ በመስመር ይተከል ስላለ፣ ረጅም ገመድ ላይ ጨርቅ እያሰረ ምልክት አበጀ፤ ችካልም አስጠረበ። የገመዱን አንድ ጫፍ ለነጋ ሰጠውና፣

«ምንም ቢመጣ እንዳትለቅ፤ ከላላ መስመሩ ይበላሻል» አለው።

«እሺ መምህር» አለ ነጋ፣ ጫፉን በክንዱ ላይ እየጠመጠመ።

ችካሉ ተራ በተራ ሲመታ አንድ ፈረሰኛ መጥቶ ቆመ። አድማሴ ይባላል። ከአያቱ ጀምሮ ከብቱን በዚያ መስክ ያሰማራ፣ በጉግስ ጨዋታ አገር የሚያውቀው ገበሬ ነው። ፊቱ ልጆቹን አያይም፤ ገመዱን ብቻ ያያል።

«አስተማሪ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ልንተክል ነው፣ አያ አድማሴ።»

«ዛፍ በገመድ ተለክቶ ነው የሚተከለው? አባቴ ጓሮው ኮሶ ሲተክል ማን ለካለት?»

«መስመር እንዲይዝ ብለን ነው። ነገ ሲያድግ እኮ ለሕዝብም ለመንግሥትም…»

«ለመንግሥት» አለ አድማሴ ቀስ ብሎ። ወደ ኮረብታው ዞረና በአገውኛ ጮክ ብሎ ተጣራ። ቋንቋው የገባቸው ልጆች ችግኛቸውን ጥለው መሮጥ ጀመሩ። ነገሩ ሳይገባው የቆመ ውብአየሁ ብቻ ነበር።

ፈረሰኞቹ ከኮረብታው ጀርባ እንደ ጎርፍ ወረዱ። ድንጋይ ወረደ፤ ዘንግ ተወነጨፈ። ቀርከሃው በኮቴ ሥር እየተንኳኳ ተሰነጠቀ፤ የዓመት ልፋት ከጭቃ ተለወሰ። አንዲት ልጅ ፈረስ ገፍትሯት ቦረቦሩ ውስጥ ገባች፤ ሌላው ጥርሱን በእጁ ይዞ ሮጠ። ውብአየሁ ልጆቹን ለመከለል እጁን ሲዘረጋ ዘንግ አረፈበት፤ ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ራሱ ሰማው። ወድቆ ቀና ሲል ነጋን አየ። ነጋ አልሮጠም። ገመዱን እንደያዘ ቆሟል።

«ልቀቀው! ነጋ፣ ልቀቀው!»

አድማሴ ገመዱን ሊያስጥል ጅራፉን ሰነዘረ። ጫፉ የልጁን ዓይን ይዞ ወጣ።

ነጋ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ፤ ደሙም በጣቶቹ መካከል ይወርድ ጀመር። አድማሴ ጅራፉን ዝቅ አድርጎ ከፈረሱ ላይ ያየዋል። ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን አዙረው ሄዱ።

በማግሥቱ አንድ አሥር አለቃ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ፈረሰኞቹን የፊጥኝ አሳስሮ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አሰለፈ። ውብአየሁ ክንዱ በሸምበቆ ታስሮ ቀረበ። የሚያስበው አንድ ነገር ነው። የተማሪዎቹ እኩሌታ የእነዚህ ሰዎች ዘመድ ናቸው፤ ጣቱን አንስቶ «እሱ ነው» ካለ ሰውዬው ይገረፋል፣ በመካከል ደም ይገባል፣ ልጆቹም ዳግመኛ ያን መስክ ሊረግጡ አይችሉም። በሌላ በኩል የነጋ ዓይን አለ።

«የትኛው ነው?» አለ አሥር አለቃው።

«በግርግር አላየሁም።»

«ክንድህንስ?»

«ፈረስ ረግጦኝ ነው።»

«የልጁን ዓይንም ፈረስ ነው የመታው? በዚህ አገር ፈረስም ጅራፍ ይይዛል?»

ወታደሮቹ ሳቁ።  አሥር አለቃው ውብአየሁን በጥፊ አጮለው፤ ዝም ሲልበት ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ የተሰበረውን ክንዱን መታው። ውብአየሁ እዚያው ሣሩ ላይ ተዘረረ። አድማሴ እጁ ወደ ኋላ እንደታሰረ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ምስክር ሲታጣ ታሳሪዎቹ ተለቀቁ፤ ወታደሮቹም ለስንቅ የሚሆን ሙክት ከአንዱ በረት ነድተው ሄዱ።

የነጋ እናት ሽታዬ ከተሰበሰቡት ሴቶች መካከል ቆማ ሰምታለች። ውብአየሁ ከተዘረረበት ሲነቃ ከራሱ በላይ ቆማ አገኛት።

«ልጄ በሁለት ዓይኑ ወጥቶ በአንዱ ገባ። አንተ ሁለቱ እያሉህ አላየሁም ትላለህ?»

«እትዬ ሽታዬ፣ ሰውዬውን ባስገርፈው ልጆቹ ዳግመኛ እዚያ መስክ አይደርሱም።»

«አይድረሱ። ገመዱን አትልቀቅ ያልኸውስ ማን ሆነህ ነው? መስኩም ገደል ይግባ።»

«እሱማ እየገባ ነው።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ዱላዋን አንስታ ጉልበቱን መታችው። ከዚያም ወዲያ በደጇ ባለፈ ቁጥር ትመታው ነበር። እሱም መንገዱን አልቀየረም።

ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁ። ገመዱ በፊታቸው ተቃጠለ፤ ችካልም መስመርም እንዳይኖር፣ ልጆቹ ደስ ባላቸው ቦታ እንዲተክሉ፣ ሣሩም ለከብት እንዲቀር ተስማሙ። አድማሴ ለነጋ አንዲት ጊደር ሰጠ። ሽታዬ ጊደሯን እየነዳች ወስዳ አድማሴ ደጅ ላይ ለቀቀቻት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ የተረፈውን ችግኝ ለመትከል ቅዳሜ ተቀጠረ። ውብአየሁ በማለዳ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጥቂቶች መጡ። ሌሎቹ ከአጥር ውጭ ሆነው ያያሉ፤ እናቶቻቸው ከልክለዋቸዋል። ውብአየሁ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሲያመነታ፣ ነጋ ግማሽ ፊቱን በነጠላ ተጠቅልሎ መጣና አንድ ቀርከሃ አነሳ። ከኋላው ሽታዬ ዱላዋን ይዛ አለች። ከአጥር ውጭ የነበሩት ይህን ሲያዩ አንድ በአንድ ገቡ።

መስኩ ላይ አድማሴና ሰዎቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ሽታዬ ልጆቹን አልፋ ቀጥ ብላ ሄደችና፣ ሰላምታ ሳታቀርብ፣ ዱላዋን በአድማሴ ፊት ላይ አሳረፈችው። ሰዎቹ ዘንጋቸውን ሲያነሡ አድማሴ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ከለከላቸው። ደገመችው። ግንባሩ ተፈንክቶ ደም ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ ያገኘችውን መታችው። ልጆቹ ቀርከሃቸውን ታቅፈው ቆመው አዩ። ውብአየሁ ሊገላግል አንድ እርምጃ አነሣና ተወው።

«ጨረስሽ፣ እቴ?» አለ አድማሴ በመጨረሻ።

«አልጨረስኩም። ደከመኝ እንጂ።»

ዱላዋን ጥላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።  ከዚያ ነጋ ወደ ቦረቦሩ አፍ ወርዶ፣ በቀረችው ዓይኑ ቦታ መርጦ፣ ቀርከሃውን እንደታቀፈ በአንድ እጁ አፈሩን መጫር ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ውብአየሁ እዚያው እንጅባራ ሲያስተምር አረጀ። ክንዱ ቀንቶ አልዳነም። ሽታዬ እስክትሞት ድረስ እግዜር ይስጥልኝ አላለችውም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቷን ታዞርበት ነበር። ልጇን ግን አንድም ቅዳሜ አላስቀረችበትም።