አልጋ ላይ ያወጣኋቸው ሲኞራ

ጣሊያን አገር፣ ፒኜቶ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ አብሬያቸው እየኖርኩ ሁለት ዓመት የጦርኳቸው ጃፓናዊት አሮጊት የሚተኙት መሬት ነበር። አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ጣሊያናዊው ባለቤታቸው ትተውላቸው ያለፉት። መኝታቸውን ፉቶን ይሉታል። ጥጥ የተሞላ ስስ ፍራሽ ነው፤ ማታ ሰሌን ላይ ይነጠፋል፣ ጠዋት ሦስት ቦታ ታጥፎ ቁም ሳጥን ይገባል፣ ፀሐይ ከወጣ በረንዳ ላይ ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው! «ላግዝዎ» ስላቸው እጄን መታ አድርገው ይስቃሉ።

እኔ ግን ማየት አልቻልኩም። እኛ ዘንድ ፍራሽ መሬት የሚነጠፈው ሰው ሲሞት ነው፤ ሐዘንተኛው እዚያው ይቀመጣል፣ እዚያው ይተኛል። ጠዋት ክፍላቸው ገብቼ መሬት ላይ ተጋድመው ሳያቸው፣ «ኧረ ሲኞራ፣ ሟርት ነው!» እላለሁ። ሟርትን በጣሊያንኛ ማስረዳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«ባለቤቴም አልጋ ሊያስለምደኝ ዕድሜ ልኩን ታገለኝ፣ አልሆነለትም» ይሉኛል።

ለእኔ ሆነልኝ። ምላሴ መች ያርፋል! ሚላኖ ለምትኖረው ልጃቸው እየደወልኩ «እናትሽ በዚህ ዕድሜያቸው መሬት ተኝተው ብርድ ቢመታቸው ሰው ምን ይልሻል?» እያልኩ ነዘነዝኳት። ሲሰለቻት አልጋ ገዝታ ላከች። ሲኞራ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ፉቶኑን አጥፈው ቁም ሳጥን ከተቱና «አሎራ፣ እንግዲህ» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እግራቸው መሬት አልደረሰም። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አዲስ አንሶላ አነጠፍኩላቸው።

ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳሰናዳ ከክፍላቸው ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሬት መተኛት የለመደ ሰው ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ጎኑ ይንከባለላል፣ ከዚያ ተንበርክኮ ይቆማል። እሳቸውም ከእንቅልፋቸው ሲነቁ እንደ ልማዳቸው ተንከባለሉ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ወይኔ! ያኔ ስልክ የደወልኩበትን እጄን በቆረጠው!

ሐኪም ቤት ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ከዚያ ሳምባ ምች ያዛቸውና እየደከሙ ሄዱ። ልጃቸው ከሚላኖ መጥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ማን ያነሳት ነበር?» አለችኝ። እኔም የአልጋውን ነገር ሳላነሳ ተመሰገንኩ።

ሲኞራ እንድጠጋ በእጃቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው አይሰማም፣ ጆሮዬን አፋቸው አጠገብ አደረግኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ለእኔ ብለሽ ስንት ደከምሽ፣ አልጋውን መልመድ አቃተኝ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር የሚሉኝስ እርስዎ ነዎት ማለት ነበረብኝ። ልጃቸው ከጎኔ ቆማ ታየኛለች። ፈራሁ።

«ግድ የለም ሲኞራ» አልኳቸው፣ «ይቅር ብያለሁ።»

በማግስቱ አረፉ።