ያልደረቀው ቫርኒሽ

ጠቅላይ ይሏታል። ሚኒስትር ሆና አይደለም፤ ሞተር ጠቅላይ ስለሆነች ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር ሆድ እየከፈተች የመዳብ ሽቦ ስትጠቀልል ኖራለች። የፈጣን ባቡር ቤተ ሙከራው ሲቋቋም፣ በእጇ ጥራት ተማርከው ከጥገና ቤቷ ለምነው የወሰዷት ራሳቸው መሐንዲሶቹ ናቸው።

ልጇ ሥራው ምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ «ክቡን ሞተር ወገቡን ሰንጥቀሽ ሐዲዱ ላይ ብትዘረጊው ማለት ነው። መሽከርከሩን ይተውና ወደፊት ይገፋል። ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፤ ባቡሩ እንደ ጥይት ይወነጨፋል» አለቻት። ስለዚህ ሞተር ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር።

ያንን ደስታ ያጠቆረው የቡድኑ ኃላፊ ነው። እንግዶች ሊጎበኙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የመጨረሻዎቹ የሽቦ ጥቅሎች ሽቦውን ከሚለብጠው ቫርኒሽ ገንዳ ገና መውጣታቸው ነበር። ጥቅል ማድረቂያው ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልቆየ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ደግሞ ይነድዳል።

«ተራ በተራ አሥራ ሁለት ሰዓት ከጠበቅን ለጉብኝቱ አንደርስም፤ አራት ሰዓት ይበቃዋል» አለ ኃላፊው።

«ኧረ አይበቃውም ጌታዬ!»

«ለመሆኑ ትምህርት ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?»

ደሟ ፈላ። «ስምንተኛ። ቫርኒሽ ግን የማንንም ዲግሪ አይቶ አይደርቅም!» ጓንቷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ኃላፊው በአራት ሰዓቱ ማድረቂያውን አስከፈተ።

በጉብኝቱ ዕለት የሙከራ ሠረገላው ሐዲዱ ላይ ተፈትልኮ ሄደ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳይበርድ ከሥሩ ጭስ ቡልቅ አለና ሠረገላው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

በሳምንቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «የብልሽቱ ምክንያት የሠራተኛዋ የጥቅለላ ጉድለት ነው።»

«እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ በቃ» አለቻት ልጇ።

«ባላጠፋሁት? እንኳን ይቅርታ ምራቄንም አልሰጠው!»

በማግስቱ ከቁርጥራጭ ክምሩ ውስጥ ሳይቃጠል የተረፈ ጥቅል መዝዛ አወጣች። አለቆቹ ስለ ብልሽቱ ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ማን አስገባት?» ብሎ ኃላፊው ብድግ አለ።

ጥቅሉን በጉልበቷ አጣብቃ በሰጌቶ ትገዘግዘው ጀመር። የመዳብ ብናኝ ወረቀታቸው ላይ ተበተነ። ጥቅሉ ለሁለት ሲከፈት ቫርኒሹ እንደ ማር ተሳበ።

«በጣታችሁ ንኩት! የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ሳይደርቅ ያስወጣው እሱ ነው። የማድረቂያውን መዝገብ አስመጡና ፊርማው የማን እንደሆነ እዩ!»

ሰብሳቢዋ ጣቷን ነክራ አየች፤ መዝገቡንም አስመጣች። አራት ሰዓት ይላል፤ ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ።

አለቆቹ ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ወረቀት በዝምታ ሊያነሡት ፈለጉ። ጠቅላይ ግን እምቢ አለች። «የሰደባችሁኝ በአደባባይ ነው፤ እውነቱም እዚያው ካልተለጠፈ እጄ ሽቦ አይነካም።» ሦስት ሳምንት ሌላ ጠቅላይ ሲያፈላልጉ ከረሙ። አጡ። ማረሚያውን ለጠፉ፤ ኃላፊውን ግን ከመቅጣት ይልቅ በዕድገት ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት። ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነክሳ ወደ ጥቅለላዋ ተመለሰች።

ከአምስት ወር በኋላ ሠረገላው ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሰ። መሐንዲሶቹ ተቃቀፉ። የቀድሞው ኃላፊም ከእንግዶቹ መሃል ወጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

እጁን አየችው። አልጨበጠችውም። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሥራዋ ሄደች።