የመንጥር ቀኝ እጅ

የልጅ ልጄ ለእረፍት ሲመጣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቶ የጃፓን ካርቱን ያሳየኛል። ጸጉሩ እንደ ጃርት የቆመ ጎረምሳ ከገደል ገደል ይዘላል። ገና ሳያርፍ፣ አየር ላይ እንዳለ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ጠላቱ ክፋት ይተርካል። ጠላቱም ሰይፉን ይዞ በጨዋ ደንብ ያዳምጠዋል። «እማማ፣ እስቲ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ንገሪኝ፤ አስተማሪ አልነበርሽ?» ይለኛል። ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ደክሞኛል እለዋለሁ። እውነትም ደክሞኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳሰምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን ደግሞ የካርቱን ላርም? ደግሞስ እንዲህ ያለ ዝላይ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ስልክ ቀርቶ ሬዲዮ እንኳ በሰፈራችን ባልነበረበት በጃንሆይ ጊዜ የሆነ ነገር።

አገራችን ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ስመኝ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ያላቸው አንድ ማሳ ገብስ ነው። ገብሱ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሰው ደቦ ይጠራሉ። ደቦ የሚጠራ ሰው ደግሞ አብልቶ አጠጥቶ ነው የሚያሳጭደው፤ የእሳቸው ጠላ ግን በዚያን ወቅት እህሉ ስለሚያልቅባቸው ውኃ ውኃ ይል ነበር። «የስመኝን ጠላ የጠጣ ጾሙን አልፈታም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ቢሆንም ሰው አይቀርባቸውም። የሚመጣው ለመንጥር ነበር።

መንጥር እትዬ ስመኝ ከልባቸው የፈጠሩት ጀግና ነው። አጫጆቹ ተሰልፈው እያጨዱ ወደፊት ሲሄዱ እሳቸው ከኋላ ነዶ እያሰሩ ይከተላሉ፣ እያሰሩም ያወራሉ። ተረቱ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ለጨዋታ የተጀመረ ነው፤ በየዓመቱ አጨዳ ካቆመበት ይቀጥላል። መንጥር ዳማ ፈረሱን ኮልኩሎ ሲጋልብ ማጭዱ ሁሉ አብሮ ይጋልባል። መንጥር ጓደኛውን ቀብሮ ሲያለቅስ ሰዉ ወገቡን ቀና አድርጎ ላቡን ይጠርጋል። ጦሩ ተሰብቆ ሊወረወር ሲል እትዬ ስመኝ ዝም ይላሉ። «ኧረ ከዚያስ?» ሲሏቸው፣ «ከዚያማ እዚያ ወሰን ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ እነግራችኋለሁ» ይላሉ። እንግዲህ እዩት! ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ይሽቀዳደም ነበር። የደረቀ የገብስ አገዳ ሽታና የእሳቸው ድምፅ አብረው ይመጡብኛል፤ እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ደካማ ጎኑማ ስንቱ! መንጥር አይርበውም፣ አይተኛም፣ ሚስት የለው ዘመድ የለው። አንድ ዓመት አሥር ሰው ከገደለ በዓመቱ መቶ፣ በሦስተኛው ሺ ይገድላል። ጥቁር ደበሎ የተባለው ጠላቱ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። አንድ ጊዜ መንጥር ከበሽሎ ወንዝ ወዲህ ዘሎ በሽሎ ማዶ እስኪያርፍ፣ አየር ላይ ሆኖ ሲፎክርና ሲዝት፣ የማሳው እኩሌታ ታጭዶ አልቋል። ከሁሉ የባሰው ግን የእጁ ነገር ነው። አንድ ዓመት ጥቁር ደበሎ የመንጥርን ቀኝ እጅ ከክንዱ ቆርጦ ወንዝ ውስጥ ጥሎት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው እጁ ጦር ወረወረ። እኔ ይህን አስተውዬ ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ዞርኩ።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከሰፈራችን ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የገባሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተማሪያችን የሌሎቹን ልጆች ስህተት እንዳወጣ ከሰሌዳው ፊት ያቆሙኝ ስለነበር ስህተት ማግኘት የሚያስመሰግን ነገር ሆኖ ቀረብኝ። ምስጋናውን ደግሞ እወድ ነበር፣ ምን ልደብቅ። በዚያ ዓመት ለአጨዳ ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ጠላ እየዞርኩ ስቀዳ፣ መንጥር በቀኝ እጁ ጎራዴውን መዘዘ።

«እትዬ፣ ካቻምና ቀኝ እጁ ተቆርጦ አልነበር እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ማጭዱ ሁሉ ቀጥ አለ። እትዬ ስመኝ ነዶውን እንደታቀፉ ቆመው አዩኝ። አንድ ጎረምሳ «በቅሎለት ይሆናላ!» ሲል ሳቅ ፈነዳ። ሌላው ቀጠለ፣ «ጥቁር ደበሎስ ስንት ነፍስ ነው ያለው? ከድመት ተዋልዷል ልበል?» አለ። ሌላው ደግሞ አየር ላይ ስለሚፎከረው ፉከራ አነሣ። እኔም ሰው ስላዳመጠኝ ልቤ አብጦ የማውቀውን ሁሉ አንድ ባንድ ዘረገፍኩት። እትዬ ስመኝ «አይ እንግዲህ፣ መድኃኒት ተደርጎለት ነው» ብለው ሊጠግኑት ሞከሩ። አያ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ «ኧረ ተዉ፣ እጨዱ!» ቢሉም የሰማቸው የለም። ከዚያ በኋላ ተረቱ ሲቀጥል በየመሐሉ ሳቅ ይገባበታል፣ ወሰን ድንጋዩ ጋ ለመድረስ የሚሽቀዳደም ግን ጠፋ። ገና ፀሐይ ሳትገባ ሰዉ ማጭዱን አንጠልጥሎ ሄደ። ማሳው ከእኩሌታው በላይ ቆሟል።

በማግስቱ ማዶ ሰፈር አንድ ባለጸጋ ደቦ ጠርቶ ነበር፤ ጠላው ወፍራም፣ በግም የታረደበት። በእትዬ ስመኝ ማሳ ላይ የተገኙት አያ በላቸው፣ እናቴና ሌሎች ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። እትዬ ስመኝ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ሆነው ያጭዱ ነበር፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በሦስተኛው ቀን ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ፣ በመጨረሻም በረዶ ጣለበት። የቀረው ገብስ መሬት ላይ ተኝቶ ጠቆረ።

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል፤ አንቺ ግን የሰጡሽን ደፋሽው» አለችኝ። «ያላስተዋለ ሰው ያለ መስሎሽ ነው? ሁላችንም እኮ እጁ መቆረጡን እናውቃለን። አምና ዝም ብለን አጨድን።» ከዚያ አንድ ድንጋይ አንሥታ ማጅራቴ ላይ ጫነችና ይቅርታ እንድጠይቅ እትዬ ስመኝ ደጅ ይዛኝ ሄደች።

እትዬ ስመኝ ደጃቸው ላይ የጠቆረውን ዛላ እየለዩ ነበር። ስንበረከክ «በስመአብ! ይህን ከልጅ አንገት ላይ አውርጂው» ብለው ድንጋዩን ራሳቸው አነሡልኝ። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሱ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«የረሳሁት እንዳይመስልሽ ልጄ። እጁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካቻምና ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ አዝኖልኝ ሊያጭድ መጣ። ጀግና አላስፈለገኝም። ተናድጄም ነበር፣ የእኔ ሰው ሞቶ እሱ ምን ቤት ነው ብዬ ቆረጥኩት። በዓመቱ ግን ገብሱ ደረሰ። የሰው እዝነት የሚያሳጭደው አንድ ዓመት ነው። እጁን ባልመልስለት ማን ይመጣልኛል?»

ስንነሣ፣ ልጅነት አይደል፣ የተረቱ መጨረሻ ምን እንደነበር ጠየቅኳቸው። እናቴ ቆነጠጠችኝ። እትዬ ስመኝ ግን ሳቅ አሉ፤ «እኔም አላውቀውም። ገብሱ ሲያልቅ ነበር የማቆመው» አሉኝ።

ዘር እንኳ ስላልተረፋቸው ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ወገዳ የሚኖር ወንድማቸው ቤት ገቡ። ሰው ቤት መኖር ለእሳቸው ሞት ነበር፤ እዚያው አረፉ። እዚያ ከገቡ ጀምሮ እስኪሞቱ ተረት ሲያወሩ የሰማቸው የለም ይላሉ። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ አልፈውና ተመልሶ ይመጣል።

የዛሬ ልጆች ተረት አያጡም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ እንከኑንም አውጥተው ይከራከራሉ፣ ማንንም አይጎዳም፤ ደግ አደረጉ። የእኔ ዕድሜ ግን ያን ጊዜ እትዬ ስመኝ ከነበሩበት አልፎ ሄዷል። ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ ልብሴን የምታጥብልኝ፣ ውኃም የምታመጣልኝ ጎረቤቴ አለሚቱ ናት፤ እሷም የራሷ ቤትና አራት ልጆች አሏት። እየቆጠብኩ ነው የማወራላት። በወጣትነቴ ሽፍታ ስለማረከኝ፣ በቅሎ ላይ ሆኜ ሙሉ ወንዝ ስለ መሻገሬ። ወንዙ በየሳምንቱ ይሞላል። ባለፈው ሽፍቶቹ ሦስት ነበሩ ብዬ ጀምሬ ሰባት ላይ አደረስኳቸው። አለሚቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ አውቃለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቀረውን ልብስ እያሸች፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።