የጋሽ ለምን አዲሱ ዳሌ

አርባ ዓመት በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጹ የኖሩትን ሰውዬ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ለምን» ይሏቸዋል። ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር የለማ። ስድስት ዓመት ያነከሱበት ቀኝ ዳሌያቸው አላስተኛ አላስቆም ሲላቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «መገጣጠሚያው አልቋል፤ በብረት እንቀይረዋለን» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ያማል ወይ?» ይል ነበር። እሳቸው ግን «በምን ዓይነት ብረት?» አሉ።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ለማሳያ የሚይዘውን ጫፉ ኳስ የሆነ የብረት መገጣጠሚያ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ኳሷን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። ጭረት የሚባል የላትም።

«ይሄን የቀረጸው ማነው?»

«ማሽን ነው፣ አባቴ።»

«ማሽኑን ያስተካከለውስ?»

ሐኪሙ ሳቀና የቀዶ ጥገናውን ቀን ጻፈላቸው። እሳቸውም እቃውን በእጃቸው ካገላበጡት በኋላ ውስጥ ውስጡን ይዟቸው የነበረው ፍርሃት ለቀቃቸው።

በቀዶ ጥገናው ማግስት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደግፋ አስቆመቻቸው። እንዳያጎነብሱ፣ እግራቸውን እንዳያነባብሩ አስጠነቀቀቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ልብ አላሉም። ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን የወደቀ መነጽራቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ባለቤታቸው ደረሱባቸው።

«አንተ ሰው፣ አትጎንበስ አልተባልክም?»

«ተባልኩ። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤታቸው ይህንኑ ለባለሙያዋ ነገሯት። ልጅቷ ወረቀት አውጥታ ኳሷንና ጎድጓዳ ማቀፊያዋን ሣለች፤ ጡንቻው ሳይጠነክር ቢያጎነብሱ ኳሷ እንዴት ሾልካ እንደምትወጣ አሳየቻቸው።

«እንዲህ በይኛ ታዲያ» አሉ ጋሽ ለምን። ከዚያ ወዲያ እንደ እሳቸው ትእዛዝ የሚያከብር አልተገኘም። ወንበራቸውን በትራስ ከፍ አደረጉ፣ ጠዋት ማታ ኮሪደሩን በክራንች ተመላለሱበት፣ ቀስ በቀስም ክራንቹን በከዘራ ቀየሩ።

በአራተኛው ወር ሥራ ገቡ። የመጀመሪያውን ዘንግ ቀርጸው አበላሹት። ሁለተኛውንም። አጠገባቸው የሚሠራው በያጅ፣ «ገና ነዎት፣ ዛሬ ይረፉ» አላቸው። እሳቸው ግን ምክንያቱን ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ማሽኑን ፈተሹ፤ ደህና ነው። ቢላውን አዩ፤ ስለታም ነው። ኋላ ዓይናቸው እግራቸው ሥር አረፈ። ቀኝ እግራቸው ጣውላ ላይ ቆሟል። ያኔ ሲያማቸው ማሳረፊያ ይሆነኛል ብለው ራሳቸው ወለሉ ላይ በምስማር የመቱት ጣውላ ነው። ዳሌው ተስተካክሏል፣ አቋቋማቸው ግን የድሮው ነው፤ ወደ ግራ አዘንብለው ነው የቀረጹት።

ጣውላውን በያጁ ነቀለላቸው። ሦስተኛው ዘንግ ልክ ወጣ፤ በካሊፐር ደጋግመው ለኩት።

«ስማ እስቲ» አሉት፣ «ድሮም እንዲህ ረጅም ነበርኩ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቼዎት አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው በእግር ሄዱ። ሲያነክሱ በየጥጉ ያርፉበት በነበረው መንገድ ላይ ሁለቴ አረፉ፤ ለምን ሁለቴ ብቻ እንደሆነም እያሰቡ ገቡ።