መቃብር ቆፋሪውና መቶ ሃያው ጠርሙስ

አጎቴ ኤቫሪስቶ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። በፎንተ ሴካ ስልሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ የመንደሩ አጎት ነው፤ እሳቸው ደግሞ የመንደሩን ሰው በየተራ ስለሚያስተኙ ከማንም በላይ አጎት ነበሩ። አርባ አንድ ዓመት የደብራችን መቃብር ቆፋሪ ሆነው ኖረዋል። እናቴንም አባቴንም የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ የተቀበረ ዕለት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ቶሎ ብሎ በገላገለን። እሳቸው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ማዕዘኑን በእጃቸው ያስተካክላሉ፤ ቄሱ ከላይ ጃንጥላ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። በመጨረሻ ቄሱ ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ፣ "አባ፣ ይህ ሰው እዚህ የሚያድረው ለአንድ ሌሊት አይደለም፤ ይታገሡ እንጂ" አሏቸው።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ፤ ያን ጊዜ ነው ጭንቅ የጀመረው። ሥራ የለመደ ሰው ቁጭ ሲል ያስፈራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ይሰየሙና አላፊ አግዳሚውን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ "ሰላም ሲሉኝ ቁመቴን የሚለኩ ይመስለኛል" ብላ መንገድ ቀየረች። እሷ ላይ አልፈርድም። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።

ጎረቤቴ ግራሲንዳ ፖርቶ ከተማ በኢንሹራንስ ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ አክስቷ ሲሞቱ የድንጋይ ቤታቸውን ወርሳ የተመለሰች ሴት ናት። ጣሪያውን አደሰች፤ አምስት መኝታ ክፍል አወጣች፤ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች። ኢንተርኔት ላይም፣ "እዚህ ከዝምታ በቀር የሚሰሙት ነገር የለም" ብላ ጻፈች። የእኔ አህያ ግን ኢንተርኔት አታነብም። ጎህ ሲቀድ ማናፋት ልማዷ ነው። አንድ ማለዳ አንድ ቤልጅየማዊ እንግዳ በፒጃማው አጥሬ ድረስ መጥቶ፣ "ማን እየሞተ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

በአህያዋ ነገር ከግራሲንዳ ጋር ተቀያየምን። የበለሱም ነገር አለ። የበለስ ዛፏ ቅርንጫፍ በግንቡ ላይ አልፎ ወደ እኔ ግቢ ያዘነብላል፤ በእኔ በኩል ያለውን እበላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እጄ አንዳንዴ ከወሰኔ ያልፋል። በሰላም ቀን "አቢሊዮ" ትለኛለች። ስትቆጣ "ሴኞር አቢሊዮ" እሆናለሁ፤ አቶ እንደ ማለት ነው። በዚያ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሴኞር ነበርኩ።

እንግዶቹ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁት ስለ አገሩ ወይን ነው። የእኛ ወይን ደግሞ ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ቋሊማና ጥቁር ዳቦ ካላጀቡት ፊት የሚያጨማድድ ነው። የምንጠምቀው ለራሳችን ነው፤ ለሌላ ሰው ስንቀዳ ይቅርታ እየጠየቅን ነው። ግራሲንዳ ግን አንድ የድሮ ነገር ትዝ አላት። ፈረንሳዮች በወረሩን ዘመን በእኛ ወገን ያሉ ገበሬዎች ወይናቸውን ከወታደር ለማዳን መሬት ውስጥ ቀበሩት ይባላል። ጦሩ አልፎ ሲያወጡት ጣዕሙ ተሻሽሎ አገኙት፤ "የሙታን ወይን" የሚል ስም ወጣለት። አያቴ እንኳ በጓዳው ወለል ላይ አስተኝቶ አንድ ስንዝር አሸዋ ያለብሰው ነበር። ግራሲንዳም፣ "እንግዶቹ ራሳቸው ቆፍረው ያውጡት! ይህን በየትኛውም አገር አያገኙትም" አለች። በጥር ወር ጠርሙሶቿን ሞልታ፣ አሽጋ፣ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ መቀመጫ ሄደች።

"አጎቴ ኤቫሪስቶ፣ የሚቀበር ነገር አለኝ።"

አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ማን ነው?"

"ማንም አልሞተብኝም። ወይን ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"መቶ ሃያ።"

"መቶ ሃያ!" አሉና ከመቀመጫቸው ተነሡ። "በዕድሜዬ ባንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ያመጣልኝ ሰው የለም።"

"በወጉ ይቅበሩልኝ እንግዲህ" አለች ግራሲንዳ። በዚያው ዕለት፣ ፖርቶ ያለችውን ሴት ልጇን ምጥ ስለያዛት፣ ግራሲንዳ ወደዚያ ሄደች። ሁለት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ከወይን ማሳዋ ጥግ ያለው መሬት እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ፣ ባቄላ ተዘርቶበት፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ድንጋይ ተተክሎ አገኘችው። አጎቴ አራት ቀን ሠርተዋል። እኔ በግንቡ ላይ አንገቴን ላወጣ ስሞክር፣ "ቀባሪን ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ወደ ሥራህ!" ብለው መልሰውኛል።

ነሐሴ ደረሰ። የማውጣቱ በዓል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሆናል ተብሎ ተነገረ፤ ዘጠኝ እንግዶችም መጡ። ከእነሱ መሐል ዮሪስ የሚባል ሆላንዳዊ የጥርስ ሐኪም ነበረ፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚመታ፣ ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ስድስት ዓመት በየነሐሴው ወደ አገራችን እየመጣ ቋንቋችንን ተሰባብሮም ቢሆን የለመደ ሰው ነው። የጎደሉት አጎቴ ኤቫሪስቶ ብቻ ናቸው። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሻቬስ ከተማ ሄደው፣ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ይመለሳሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ግራሲንዳ ግን፣ "ለማውጣት ምን ዕውቀት ያስፈልጋል?" ብላ ዶማና አካፋ አደለች።

እኔ ከግንቡ ማዶ በለስ እየበላሁ አያለሁ። እስከ ቁርጭምጭሚት ቆፈሩ፤ ሳቁ፤ ፎቶ ተነሡ። እስከ ጉልበት ቆፈሩ፤ ሳቁ ቀነሰ። ጠርሙስ ቀርቶ ቡሽ የለም። ወደ ጎን ማስፋት ጀመሩ። ከአራቱ ድንጋይ ወጡ፤ ሁለት የወይን ሐረግ ከነሥሩ ነቀሉ፤ በስተ መጨረሻ የእኔ ግንብ ሥር ደርሰው መሠረቱን ያንኳኩ ጀመር። የሐኪሙ ሱሪ ከእኔ አህያ ጋር አንድ መልክ ሆነ።

ያን ጊዜ ግራሲንዳ፣ "ወይኔ! ወይኔ!" ብላ ጮኸች። ሰው የሞተባት መስሎኝ ግንቡን ዘልዬ መጣሁ። ለካ የምትጣራው የጠፋውን ወይን ነው።

ስታየኝ ዓይኗ ጠበበ። "ሴኞር አቢሊዮ!"

"ምን አደረግሁ?"

"ወይኔን የት አደረስከው? አህያህ በየማለዳው የምትጮኸው ለካ ሸክም በዝቶባት ነው!"

"አንቺ ሴት፣ መቶ ሃያ ጠርሙስ ብጠጣ እዚህ ቆሜ አናግርሽ ነበር?"

"በለሴን ማን ይበላል? እስቲ አፍህን አሳየኝ!"

አፌ በለስ ሞልቶት ነበርና በእጄ ሸፈንሁት።

ዘጠኙም እንግዶች አካፋቸውን እንደያዙ ተከትለውኝ ጓዳዬን ሊፈትሹ መጡ። ንጹሕ ሰው ነኝና ሁለቱንም የበር መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትሁ። ችግሩ በሩ አጠገብ የግራሲንዳ አክስት ቅርጫት ተቀምጦ ነበር፤ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት፣ እስከ አፉ በለስ የሞላ።

"ይህስ?" አለች።

"አክስትሽ አውሰውኝ ነው።"

"አክስቴ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው!"

"ታዲያ ለማን ልመልስ?"

ፍርዱ ሊጸናብኝ ሲል ሐኪሙ በርሜሌን አየ። "ማስረጃ ነው፤ እንቅመስ" አለ። ቀዳሁለት። ተጎነጨ፤ በአፉ ውስጥ አንከባለለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ጥርሱ የታመመ ሰው መስሎ ጉንጩን ያዘ። "ዶና ግራሲንዳ፣ ይህ ሰው ነጻ ነው" አለ። "ይህ ወይን የተሰረቀ አይደለም። ይህን ማንም አይሰርቅም።"

እንደዚያ ነጻ የወጣሁበትም እንደዚያ የተዋረድሁበትም ቀን በሕይወቴ የለም።

በዚህ መሐል የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ። አጎቴ ኤቫሪስቶ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ የመድኃኒት ከረጢት አንጠልጥለው መጡ። የተመሰቃቀለውን መሬት በቀረችው ዓይናቸው አዩና ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ይህን ያረሰው ከብት የማን ነው?"

"ተሰርቀናል አጎቴ! ባዶ ነው!" አለች ግራሲንዳ፤ ልታለቅስ ደርሳለች።

"እስከ የት ቆፈራችሁ?"

"እስከ ጉልበት።"

"እስከ ጉልበት!" አጎቴ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። "ጎመን የተከልሁልሽ መሰለሽ?"

"አያቶቻችን እኮ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር የሚያለብሱት!"

"አያቶችሽ ደበቁ። 'ይደብቁልኝ' ብትይኝ እደብቅልሽ ነበር። አንቺ 'በወጉ ይቅበሩልኝ' ነው ያልሽኝ። እኔ ሰው በጉልበት ልክ ቀብሬ አላውቅም።" መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር አደረጉ። "ልኩ ይኸው ነው።"

ከዚያ ሐኪሙ ሸሚዙን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አጎቴ በአንድ እጃቸው አስቆሙት። "አንተ ቆይ። በአንተ አገጭ ከሄድን ሲኦል እንደርሳለን።" ከሊዝበን የመጣች አንዲት አጭር አስተማሪ መርጠው እሷን ልክ አደረጓት። ከዚያ እንግዶቹን ሁለት ሁለት አድርገው በተራ አሰለፉ። "ባርኔጣ አውልቁ!" አሉ።

"ፀሐይ ነው እኮ" አለች አስተማሪዋ።

"ለሟች ነው።"

አወለቁ። ቆፈሩ። አጎቴ ከዳር ቆመው፣ "ግድግዳውን አትብላው! ቀጥ አድርግ! ዶማ እንጂ ማንኪያ አይደለም የያዝከው!" እያሉ ያዝዛሉ። ዘጠኝ የተማሩ ሰዎች፣ ለማረፍ ብለው የመጡ፣ ላባቸው ጠብ እስኪል ሠሩ። እኔም ሳላስበው አካፋ ይዤ ራሴን አገኘሁት። ፀሐይ ወደ ኮረብታው ስታዘነብል የአስተማሪዋ አካፋ እንጨት መታ። ሳንቃ ነበር። አጎቴ ተንበርክከው ሳንቃውን አነሡት። መቶ ሃያው ጠርሙስ ገለባ ላይ፣ በአራት ረድፍ፣ አንገታቸው ወደ ምዕራብ፣ ግርጌያቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ተጋድመዋል።

"ለምን ወደ ምዕራብ?" ብሎ ሐኪሙ በሹክሹክታ ጠየቀ።

"ሲነሡ ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን ነዋ። ክርስቲያን አይደለህም?"

አንድ በአንድ አወጣናቸው። አጎቴ እያንዳንዱን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ "ይህም ደኅና ነው፤ ይህም ደኅና ነው" ይላሉ። አንድም አልተሰበረም። መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ መውጣት አቅቷት ውስጥ ቀረች። አጎቴ እጇን ይዘው ጎተቷትና፣ "እኔ ካስቆፈርሁት ጉድጓድ በሕይወት የወጣሽ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ" አሏት። በመንደራችን አጎቴ ኤቫሪስቶ ሲስቁ ያየ ሰው አልነበረም። ያን ቀን አየን፤ ሁለት ጥርስ ብቻ እንደቀራቸውም አወቅን። ሐኪሙ ወዲያው የስልክ ቁጥሩን ሰጣቸው።

ወይኑ ከዚያ ጥልቀት ሲወጣ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዞ፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሆኗል። የእኛ ያ ቀጭን ወይን መሆኑን ባላውቅ አላምንም ነበር። ሐኪሙ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ጠርሙሱን አገላብጦ አየ፤ ሁለተኛውን ጠጥቶ ተቀመጠ፤ ሦስተኛውን ጠጥቶ የአህያዬን ስም ጠየቀኝ። ለአጎቴም ቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን፣ "እኔ የቀበርሁትን አልጠጣም" ብለው ወተት አስመጡ።

ግራሲንዳ በእንግዶቹ ፊት ብርጭቆ ይዛልኝ መጣች። "አቢሊዮ፣ ይቅርታ። በወይኑ ተሳስቻለሁ።"

"በበለሱስ?"

"በበለሱ አልተሳሳትኩም።"

ተጎንጭቼ ቅርጫቱን መለስሁላት። በለሱን አይደለም።

በሚቀጥለው ጥር ግራሲንዳ፣ "አጎቴ፣ ዘንድሮ እስከ ጉልበት ብቻ ቢሆንልኝ" ብላ ለመነች። አጎቴ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና፣ "ለጉልበት አትክልተኛ ቅጠሪ" አሏት። ብታስብበት እንግዶቹ የጻፉላት ምስጋና ሁሉ ስለ አልጋዋና ስለ ቁርሷ ሳይሆን ስለ ቁፋሮው ነበር። ስለዚህ መቅበሩንም የእንግዶች ሥራ አደረገችው። በዚያ ብርድ ዮሪስ የራሱን አካፋ በአውሮፕላን አስጭኖ መጣ፤ እንደሱ የጥርስ ሐኪም የሆኑ ሦስት ጓደኞቹንም አስከተለ። አጎቴ በየቀኑ ይላጩ ጀመር። የድንጋዩ መቀመጫ ባዶውን ዋለ፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ወደ ድሮ መንገዷ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ዘጠና ስድስት ዓመት የኖሩት የመንደራችን ባልቴት ዶና ፔርፔቱዋ አረፉ። ደብሩ መቃብር የሚቆፍር ትንሽ ማሽን ከከተማ ቢያስመጣ፣ ዳገቱ በረዶ ይዞ ኖሮ ማሽኑ ከመንደሩ መግቢያ ድልድይ ማዶ ተንሸራትቶ ቀረ። ቄሱ አጎቴ ዘንድ መጡ። "ኤቫሪስቶ፣ አንድ ቀን ብቻ ይርዱን።"

"እንግዶች አሉብኝ አባ" አሉ አጎቴ፤ ትንሽ አሰቡና፣ "ይዣቸው ልምጣ?" አሉ።

አራቱ ሆላንዳውያን በረዶ የያዘውን መሬት ከጧት እስከ ቀትር ቆፈሩ፤ ግድግዳው በገመድ የተለካ ይመስል ነበር። ከመንደሩ ወጥተው የማያውቁት ዶና ፔርፔቱዋ በአራት የጥርስ ሐኪሞች እጅ ተቀበሩ። ሐኪሞቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጆሯቸው በብርድ ቀልቶ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ከሉክሰምበርግ የደረሰው የዶና ፔርፔቱዋ ልጅ እያለቀሰ ተራ በተራ አቀፋቸው፤ ምሳ ላይም ከገበታው ራስ አስቀመጣቸው።

በኋላ ጎኔን ነካ አድርጎ፣ "አቢሊዮ፣ እነዚህ ረጃጅሞቹ ዘመዶቻችን በየት በኩል ናቸው?" ሲል ጠየቀኝ።

"በአጎቴ ኤቫሪስቶ በኩል" አልሁት፤ "ብላ፣ ቋሊማው እየቀዘቀዘ ነው።"