ጭድ ጥጥ ቤት የገባበት ክረምት

ጋሽ ሜትር ሊፈቱት የተነሱት ችግር ለሰው ሲያወሩት ያሳፍራል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ያስተኙ ፍራሽ ሰፊ አንድ ውሻ ማስተኛት አቃታቸው።

ውሻው የልጃቸው ነው። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ ሻንጣዋን መኪና ላይ ካስጫነች በኋላ ተመልሳ «አባዬ፣ ሽማግሌውን አደራ» ብላቸው ሄደች። ሽማግሌው የምትለው ውሻውን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አፉ ዙሪያ ሸብቷል፣ የኋላ እግሮቹ ደረጃ አያወጡትም። የጋሽ ሜትር መኖሪያ ደግሞ ከሱቃቸው በላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወጥቶ ነው። ሱቁ ውስጥ እንዳያስተኙት የተባዘተ ጥጥ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። የቀረው ጓሮው ነው። ባለፈው ክረምት እዚያው ጓሮ ውስጥ ሳንባውን ብርድ መትቶት ለጥቂት ነው የተረፈው። የእንስሳት ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ አልደበቀቻቸውም፤ ዘንድሮም በርጥበት ካደረ ክረምቱን አይወጣም አለች።

ልጅቱ በየእሁዱ ትደውላለች። ከአባቷ ጤና በፊት የውሻውን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ከብርዱ ወዲህ ሲር ሲር የሚለውን ትንፋሹን ልትሰማ ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፉልኝ ትላለች።

ጋሽ ሜትር ስሙ የወጣላቸው የልኬት ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። እናም የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ጎረቤታቸው አናጢው ከወፍራም ጣውላ ቁም ሳጥን የሚያህል ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ ከደነበት። እሳቸው ከምርጥ ጥጥ ፍራሽ ሰፉ፤ ጠርዙን ሳይቀር ለሙሽራ እንደሚያደርጉት በድርብ ስፌት አበጁት። ሽማግሌው ለጥቂት ቀን ተኛበት። ሳምንት ሳይሞላው በጥርሱ ጎትቶ አወጣውና ጭቃ ላይ ጣለው፤ ሄዶም በእጅ ጋሪው ሥር ባዶ መሬት ላይ ተጋደመ።

አናጢው እንዲህ ያለውን አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። «በሠላሳ ዓመት አንድ ፍራሽ ተመልሶብኝ አያውቅም ስትል አልነበር? ይኸው ተመለሰብህ» አላቸው።

ጋሽ ሜትር ከፋቸው። ግን ሳይለኩ የሚያዝኑ ሰው አይደሉምና ፍራሹን አንስተው ከጥጥ ሚዛኑ ላይ አኖሩት። ሲሰፉት ሦስት ኪሎ ነበር፤ አሁን አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጣሪያው አያፈስም፤ እጃቸውን በየጥጉ ሰደው ዳስሰዋል። ታዲያ ሁለት ኪሎ ውሃ በየት ገባ?

መልሱ የመጣው ከገዛ አፋቸው ነው። በማግስቱ ለአንዲት ደንበኛ ፍራሽ እያስረከቡ፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚሉትን ደገሙ፤ «በየሳምንቱ ፀሐይ አስመቺው፤ ጥጥ የገላን ወዝ ሁሉ ይጠጣል፣ ካልደረቀ...» ብለው አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ውሃው የገባው በራሱ በውሻው ነበር፤ በረጠበ ጠጉሩ፣ በጭቃማ እግሩ፣ በትንፋሹ። ክረምት ላይ ደግሞ የምን ፀሐይ? ርጥብ ጥጥ ከደረቅ መሬት ይበርዳል። ሽማግሌው ልክ ነበር።

ሐኪሟን ጠየቋት። ጭድ አለች። የስንዴ አገዳ ውስጡ እንደ ቱቦ ክፍት ስለሆነ አየር ይዞ ይሞቃል፤ ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ። ውሻውም ቆፍሮ ይቀበርበታል። ቤቱም ሰፍቶበታል አለቻቸው፤ የውሻ ምድጃ የራሱ ገላ ነው፣ ቁም ሳጥን ሙሉ አየር ከየት አምጥቶ ያሞቃል? አናጢው እያጉረመረመ ቤቱን በጣውላ ለሁለት ከፈለው። የዚያን ቀን ጋሽ ሜትር በተራቸው ሳቁበት።

ችግሩ ጭዱ ነበር። በፍራሽ ሰፊዎች ዘንድ «ጭድ ይሞላል» ከመባል የከፋ ስድብ የለም። እንዲህ የተባለ ሰው ሱቁን ዘግቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ጋሽ ሜትርም አንዲት የሰፈሩ እንቁላል ነጋዴ እንቁላል ደርድራበት የምትጥለውን ጭድ፣ ሱቆች ሳይከፈቱ በጆንያ፣ ጆንያውንም በካፖርታቸው ሸፍነው ያመላልሱ ጀመር። ሁለቴ ተሳካላቸው። ሦስተኛው ጆንያ ቀዳዳ ነበር። ከእንቁላል ቤቱ ደጃፍ እስከ ጥጥ ቤቱ ደጃፍ ጭድ በመስመር ተንጠባጥቦ አረፈደ፤ እስከ ቀትር ድረስ ያላየው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ልጇን የምትድር ደንበኛ ናት። የሙሽራ ፍራሽ አዝዛለች። ሳትቀመጥ፣ ይተርተርልኝ አለች። ጋሽ ሜትር መቀሳቸውን አንስተው ድርብ ስፌቱን ለቀቁት። ሴትየዋ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ጥጥ ነው። እንደገና ሰደደች። አሁንም ጥጥ ነው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጭድ የት ገባ?»

«ይምጡ ላሳይዎት» አሉ።

በሱቁ በኩል ወደ ጓሮ አወጧት። ዝናቡ እያካፋ ነው። ከትንሹ ቤት በር ላይ የሚታየው አንድ ጥቁር አፍንጫ ብቻ ነው፤ የቀረው የሽማግሌው ገላ ጭድ ውስጥ ተቀብሯል። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ሥሩ ያለውን ጭድ ዳበሰች። እጇ ደረቅና ሞቅ ያለ ነገር ነካ። ጥቂት ሳታወጣው ቆየች።

«ለውሻው ጭድ፣ ለልጄ ጥጥ» አለች በመጨረሻ። «እንዳይሳሳቱ ብቻ።»

ለሰፈሩ የነገረችው ራሷ ናት። በሳምንቱ እንቁላል ነጋዴዋ ጭዱን በቀን በብርሃን፣ መንገዱ እስኪሰማ እየተጣራች ይዛ መጣች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንዱ እሁድ ልጅቱ ደወለች። ስልኩ ደረቱ ላይ ሆነ። አዳመጠች።

«አባዬ፣ ምንም አይሰማም። አይተነፍስም እንዴ?»

«ይተነፍሳል» አሉ ጋሽ ሜትር። «የሌለው ሲርሲርታው ነው።»

አሁን በጋ ገብቷል። ሙቀት ይዞ ያዳነው ትንሽ ቤት ሙቀት ይዞ ሊያፍነው ሆነ። ጋሽ ሜትር ጭዱን አውጥተው ቴርሞሜትር ሰቀሉ፤ ቀትር ላይ ውስጡ ከውጭው በአራት ዲግሪ ይበልጣል። ቆርቆሮውን ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ በአራት ቁራጭ እንጨት አንድ ስንዝር ከፍ አደረጉት። ልዩነቱ ወደ አንድ ዲግሪ ወረደ። ከዚያ ጭዱን ተከትላ የመጣችው የእንቁላል ነጋዴዋ ድመት ያቺን ክፍተት አግኝታ ተጋደመችባት፤ ነፋሱም ተዘጋ። የራሷን ሳጥን ቢሰጧት አልገባም አለች። ድመት መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ቤት አታምንም።

ስለዚህ ዛሬ ለሳጥኑ ሁለተኛ በር እየለኩ ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሳቸው ይዘዋል፣ ሌላውን ድመቷ በጥፍሯ። ወርዱን አግኝተዋል፤ ቁመቱን ለማግኘት እስክትለቅላቸው እየጠበቁ ነው።