ወደ ግራ ሲታጠፍ

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ይሉት ነበር። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ገና በወጣትነቱ ነው። መኪና በበሩ ሲገባ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን እየታጠበ፣ «የፊት ቀኝ ጎማው ችግር አለበት» ይላል፤ ተፈትቶ ሲታይ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖረ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጆሮው ከዳው። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ፤ ቀጥሎ የሚስቱ ስልክ ጥሪ።

«ሐኪም ዘንድ ሂድ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ጉንፋን ነው፤ ይለቀኛል።»

«የምን ጉንፋን ነው ሁለት ክረምት የሚከርም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጆሮውን መድከም ከሚስቱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ቢታወቅ ማን መኪናውን ያምነዋል? ስለዚህ የሰው ከንፈር ማየት ለመደ፤ ያልሰማውን በግምት ይሞላል። ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያሳፍረውም ነበር።

አንድ ጠዋት አዋላጇ መጣች። ከከተማው በታች ወንዝ ዳር ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ነጭ አሮጌ መኪና የምትነዳ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ቋ ቋ ይልብኛል» አለችው።

መሪውን እስከ ጥጉ አዟዟረ። ምንም አልሰማም። የሞተሩን ክዳን ሲከፍት የመሪው ቺንጋ፣ የላስቲክ ቀበቶው፣ ረገብ ብሎ አየ፤ ደስ አለው። አጠበቀው፤ ዘይቱንም ሞላ።

«ቺንጋው ነው። አበቃ።»

«እኔ ግን ከታች፣ ከጎማው በኩል የመጣ ነው የመሰለኝ» አለች፣ ቁልፉን ሳትቀበል።

«እህቴ፣ ‹ጆሮ› ሲሉኝ ስንት ዓመቴ መሰለሽ?»

ሳቀችና ሄደች። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት ነበር።

መኪናዋ ከዓይን እንደጠፋች፣ በዚያው ግቢ የሚሠራው ቀለም ቀቢ ብሩሹን እየጨመቀ ወጣ። አብሮ አደጉ ነው።

«ምነው ሳትጠግናት ሰደድካት?» አለው።

«ጠግኛታለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ከበሩ ስትታጠፍ ከስር ቋ ቋ ስትል ሰማኋት እኮ!»

ጆሮ ክው አለ። ቺንጋ ሲላላ ያለቅሳል እንጂ አያንኳኳም፤ ይሄን ለጀማሪ እሱ ራሱ ነው የሚያስተምረው። የሚያንኳኳው መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው የዘንጉ ጫፍ ሲበላ ነው። እሱ ከወለቀ ደግሞ መሪው ባዶ ይዞራል፤ ጎማው ወደፈለገው ይሄዳል። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው፤ አንድ ወገኑ ገደል።

ደወለላት። አታነሳም። ደግሞ ደወለ።

«ተነስ፣ መኪናህን አምጣ» አለው ቀለም ቀቢውን።

«ኧረ ቀለሜ ይደርቃል!»

«ይድረቅ።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጆሮን ላብ አጠመቀው። በየመታጠፊያው አንገቱን አስግጎ ወደታች ያያል። አንድ ቦታ ሰዎች ተሰብስበው ሲያይ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ናቸው። ቀለም ቀቢው እንዳመሉ ሊቀልድ አፉን ከፈተና የጆሮን ፊት አይቶ ነዳጁን ረገጠ።

ነጯ መኪና ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጆሮ በክሪክ አነሣትና ከስሯ ተኛ። ጆሮውን ሳይሆን መዳፉን ዘንጉ ጫፍ ላይ አኖረ።

«ጎማውን በትንሹ ወዝውዘው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።»

ቀለም ቀቢው ወዘወዘ። የዘንጉ ጫፍ በጆሮ እጅ ውስጥ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ተንገጫገጨ። መሸፈኛ ላስቲኩ ተቀዷል፤ የዘንጉ ክብ ራስ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ለመውጣት ክር ነበር የቀረው።

አዋላጇ እጇን እያደራረቀች ስትወጣ ከመሬት ተነሣ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ «ለማረጋገጥ ብዬ ነው» ቢላት ታመሰግነው ነበር። አላስቻለውም።

«አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብቄ ነው የምሠራው።»

ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፋ። አዋላጇ ግን አልተቆጣችም፤ አልማረችውምም።

«እንደኔ የሸኟቸው ስንት ናቸው?» አለች።



በማግስቱ ዕቃውን ለውጦላት፣ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ በሁለቱ ዓመት የመሪ ድምፅ ብለው የመጡበትን ቆጠረ። አሥራ አንድ ሆኑ። የስልኩ ድምፅ ለእሱ አልጠራ ሲለው ሚስቱ ስልኩን ይዛ አንድ በአንድ ደወለች። ዘጠኙ ደህና ናቸው። አንዱ ተመልሶ መጥቶ ተሠራለት። ሐኪም ዘንድም ሄደ፤ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት፤ መዶሻ ሲመታ ራሱን ይበጠብጠዋል። መኪና ሲሞከር አሁን ቀለም ቀቢው አብሮት ይቀመጣል፤ ለደንበኛውም «የሚሰማልኝ እሱ ነው» ብሎ ይናገራል። አንዳንዶቹ ሌላ ጋራዥ ሄዱ።

አሥራ አንደኛው ግን አልተገኘም፤ ስልኩ አይሠራም። ግራጫ መኪና፣ ከኋላ የሕፃን መቀመጫ የነበረው። ጆሮ መንገድ ላይ ግራጫ መኪና ባየ ቁጥር ይቆማል፤ አጎንብሶ የኋላውን ወንበር ያያል፣ ሌላ ሆኖ ሲያገኘው መንገዱን ይቀጥላል።